ሳይታይ የታወቀ

147573952589676412927።

አንባብያን ይህን ቁጥር ጮክ ብለው እንዲያነቡልኝ አልጠይቅም። የግዕዝ ሊቃውንት ከሺ አልፈው ሲቆጥሩ እልፍ ይላሉ፤ እልፍ ዐሥር ሺ ነው። ዛሬ በንግግራችን ቁጥርነቱ ተረስቶ «ብዙ» ማለት ብቻ ሆኗል፤ «እልፍ ጉዳይ አለብኝ» የሚል ሰው ጉዳዮቹን እስከ ዐሥር ሺ ቆጥሮ አይደለም። ለያዝነው ቁጥር ግን የጥንቱ እልፍም ብቻውን አይበቃም። እልፍን በእልፍ፥ ያንንም እንደገና በእልፍ እያልን አምስት እልፎች ብናባዛ አንድና ሃያ ዜሮ ይመጣል፤ ቁጥራችን የዚያ አንድ ተኩል እጥፍ ግድም ነው።

አሠራሩ ግን የልጅ ሥራ ነው። 67 ሁለቶችን ደርድሮ እርስ በርስ ማባዛት፥ ከውጤቱ ላይ አንድ መቀነስ፤ በቃ። የቼዝ ሰሌዳውን ተረት የሰማ ሰው መንገዱን ያውቀዋል፤ በመጀመሪያው ካሬ አንድ የስንዴ ፍሬ፥ በሁለተኛው ሁለት፥ በሦስተኛው አራት እየተባለ 64ቱ ካሬ ሲሞላ የንጉሡ ጎተራ አልበቃ ያለው። ሰሌዳው ሦስት ካሬ ቢጨመርለት ኖሮ የፍሬዎቹ ድምር ልክ ይህ ቁጥር ይሆን ነበር።

ስለ እርሱ የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ ብቸኛ ነው ወይስ አይደለም? ብቸኛ ቁጥር የሚባለው ከ1 እና ከራሱ በቀር እኩል የሚያካፍለው የሌለ ነው፤ 2፥ 3፥ 5፥ 7፥ 11፥ 13 እያለ ይቀጥላል። ሌላውን፥ ማለትም ከትናንሽ ቁጥሮች ብዜት የተሠራውን፥ ውሁድ እንበለው፤ 15 የ3 እና የ5 ውሁድ ነው። (ፈረንጆቹ ብቸኛውን «ቀዳሚ» ነው የሚሉት። በአማርኛ «ብቸኛ» ብሎ የሰየመው ሰው የቅኔ ቤት ደጃፍ ሳይረግጥ አልቀረም።) የሰው ልጅ እንዲህ ላለው ቁጥር የተጨነቀው በከንቱ አልነበረም። 6ን የሚያካፍሉት 1፥ 2 እና 3 ሲደመሩ 6ን መልሰው ይሰጣሉ፤ 28ንም የሚያካፍሉት 1፥ 2፥ 4፥ 7 እና 14 ሲደመሩ 28 ይሆናሉ። ግሪኮች እነዚህን ፍጹማን ብለው ጠሯቸው። ዩክሊድም ከክርስቶስ ልደት 300 ዓመት ግድም በፊት፥ ሁለትን ደጋግሞ አባዝቶ አንድ በመቀነስ የሚገኘው ቁጥር ብቸኛ በሆነ ቁጥር ከእርሱ አንድ ፍጹም ቁጥር እንደሚወለድ አሳየ። ከ3 6 ተወለደ፥ ከ7 28። ስለዚህ የእኛ ቁጥር ብቸኛ ቢሆን ኖሮ ባለ 41 አኃዝ ፍጹም ቁጥር ይወልድ ነበር።

የኔ ጥያቄ ግን የሒሳብ ተማሪው ጥያቄ አይደለም። እኔ የቋንቋና የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ነኝ፤ ቁጥር ሲበዛብኝ ዐይኔ ይደክማል። ይህን ቁጥር ይዤ የተቀመጥኩት ሦስት ሰዎች ስለ እርሱ «አውቃለሁ» ብለው ስለ ነበርና የሦስቱ «አውቃለሁ» አንድ ዓይነት ስላልሆነ ነው። ሰው «አውቃለሁ» ሲል በትከሻው ላይ ምን ይወድቃል? ነገሬ እርሱ ነው።

የመጀመሪያው ማሪን ሜርሴን የተባለ ፈረንሳዊ መነኩሴ ነው። በፓሪስ በሚኒም መነኮሳት ገዳም ሆኖ ከዴካርትና ከፌርማ፥ ከሌሎችም የዘመኑ ሊቃውንት ጋር ይጻጻፍ ነበር። የሳይንስ መጽሔት የሚባል ነገር ገና ባልተፈጠረበት ዘመን የእርሱ ክፍል እንደ ፖስታ ቤትም እንደ መጽሔትም አገልግሏል። ይህ ሰው በ1644 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ባሳተመው መጽሐፍ መግቢያ ላይ አንድ ዝርዝር አወጣ። ሁለትን ደጋግሞ አባዝቶ አንድ በመቀነስ ብቸኛ ቁጥር የሚገኘው የማባዛቱ ብዛት 2፥ 3፥ 5፥ 7፥ 13፥ 17፥ 19፥ 31፥ 67፥ 127 እና 257 ሲሆን ነው፤ እስከ 257 ድረስ ከእነዚህ ሌላ የለም አለ። 67 ከነክብሩ በዝርዝሩ ገባ።

ይኸው ሰው ደግሞ ባለ 15 ወይም ባለ 20 አኃዝ ቁጥር ብቸኛ መሆን አለመሆኑን ለመመርመር ዘመን ሁሉ እንደማይበቃ በራሱ ብዕር አምኗል። የእኛ ቁጥር ባለ 21 ነው! በ257 የሚመጣው ደግሞ ባለ 78 አኃዝ ነው። ታዲያ ከምን አመጣው? ዝርዝሩን ትኩር ብሎ ያየ ሰው አንድ ነገር ይታዘባል። 31 ከ32 በአንድ ያንሳል፤ 67 ከ64 በሦስት ይበልጣል፤ 127 ከ128 በአንድ ያንሳል፤ 257 ከ256 በአንድ ይበልጣል። ሁሉም ሁለት ራሱን ሲያባዛ በሚረግጣቸው ቦታዎች አጠገብ የቆሙ ናቸው። ውበት አለው። ግምት ነው እንጂ፥ መነኩሴውን ያሳሳተው ይህ ውበት ሳይሆን አይቀርም። ሌሎች ደግሞ 67 ከማተሚያ ቤት የወጣ ስህተት ነው፥ 61 ሊል ፈልጎ ነው ይላሉ። ይህ ግን ዝርዝሩን አያድነውም። በኋላ ሲመረመር ስህተቶቹ አምስት ሆነው ተገኙ፤ 67 እና 257 ሊገቡ አይገባም ነበር፥ 61፥ 89 እና 107 ደግሞ መግባት ሲገባቸው ቀርተዋል። የ61ን ብቸኝነት በ1883 ያረጋገጠው ኢቫን ፔርቩሺን የተባለ የሩሲያ የገጠር ቄስ ነው፤ የቅዳሴው ሥራ ሲያልቅ በእጁ እያሰላ። 89 በ1911፥ 107 በ1914 ተከተሉ። የዝርዝሩ ምርመራ ጨርሶ የተጠናቀቀው በ1947 ነው፤ አንድ ገጽ የማይሞላ ቃል ለማጣራት 303 ዓመት!

እኔ ሜርሴንን ውሸታም አልለውም። ግምት ኃጢአት አይደለም፤ ያለ ግምት የሚሄድ ዕውቀትም የለም። በደሉ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ከዝርዝሩ እስከ 19 ያሉትን ከእርሱ በፊት ጣልያናዊው ካታልዲና ሌሎችም በሥራ መርምረዋቸዋል። ከ31 ወዲያ ያሉት ግን ያልተመረመሩ ናቸው። ሜርሴን ሁለቱን በአንድ መስመር፥ በአንድ ቀለም፥ በአንድ «ነው» አሰለፋቸው። አንባቢው የታየው የት አልቆ የተገመተው የት እንደሚጀምር የሚለይበት ነጥብ እንኳ አላስቀመጠለትም። ታላቁ ኦይለር በ1772 31ን መርምሮ ትክክል ሆኖ ሲያገኘው ደግሞ የቀሪዎቹም አመኔታ አብሮ ሳያድግ አልቀረም፤ አንዱ እውነት ሆኖ ሲገኝ ጎረቤቱ የሚታመንበት መንገድ እንዲህ ነው። እኛም ከክፍል ወደ ክፍል የምናስተላልፈው ሃንድአውት ላይ ይህን አይተናል፤ አንድ ገጽ ትክክል ሆኖ ፈተና ላይ ከመጣ የቀረው ዐሥር ገጽ ወንጌል ይሆናል።

ሁለተኛው ሰው ፈረንሳዊው ኤዷር ሉካ ነው። በ1876 ተነሥቶ 67 ከዝርዝሩ ይውጣ፥ ቁጥሩ ብቸኛ አይደለም አለ። ይህን ሲል ግን አካፋዩን ይዞ አልመጣም። አካፋዩ ማን እንደሆነ አላወቀም። ቁጥሩ የተሰነጠቀ መሆኑን እንጂ ስንጥቁ የት እንዳለ አላየም።

ይህ እንዴት ይሆናል? ነገሩ እኔንም አስጨንቆኝ ስለ ነበር ዘዴውን በትንሹ ላሳይ፤ በኋላ አሜሪካዊው ሌመር አቅልሎ ባቀረበው መልኩ ነው የምናየው። 31ን እንውሰድ፤ ሁለት አምስት ጊዜ ተባዝቶ አንድ ሲቀነስ የሚገኝ ነው። ከ4 እንነሣ። 4ን በራሱ አባዝተን 2 ስንቀንስ 14። 14ን በራሱ አባዝተን 2 ስንቀንስ 194፤ 194 ለ31 ሲካፈል 8 ይተርፋል። 8ን በራሱ አባዝተን 2 ስንቀንስ 62፤ 62 ለ31 ሲካፈል ምንም አይተርፍም። በሦስት እርምጃ ዜሮ ላይ ደረስን፤ 31 ብቸኛ ነው ማለት ነው። የእርምጃው ብዛት ሁልጊዜ ከማባዛቱ ብዛት በሁለት ያነሰ ነው፤ ስለዚህ ለ67 ይኸው ሥራ 65 እርምጃ ይጠይቃል። በመጨረሻው ዜሮ ከመጣ ቁጥሩ ብቸኛ ነው፥ ሌላ ነገር ከመጣ አይደለም። ዜሮ አይመጣም።

ልብ በሉ፤ በዚህ ሁሉ መንገድ ላይ አንድም አካፋይ አልተፈለገም፥ አንድም አልተሞከረም። አማርኛችን እዚህ ላይ ጥሩ ቃል አለው። «አመነ» ስንል ተቀበለ ማለታችን ነው፤ ተከሳሽ «አመነ» ስንል ደግሞ ጥፋቱን ተናዘዘ ማለታችን ነው፤ እማኝ የምንለው ምስክርም ከዚያው ሥር የበቀለ ነው። ሉካ ያለ እማኝ ቁጥሩን አሳመነው። ግብረ አበሮቹ እነማን እንደሆኑ ግን ቁጥሩ አልተናገረም።

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ጥያቄው ከቁጥር ወደ ሰው የሚሻገረው እዚህ ነውና። «ጥፋት እንዳለ አውቃለሁ፤ አጥፊውን ግን አላውቅም» ማለት ይገባልን?

በምንኖርበት ዶርም ስምንት ሆነን እናድራለን። አንድ ጊዜ የአንዱ ልጅ 800 ብር ከሎከሩ ጠፋ። የክፍሉ በር ቁልፍ አልተሰበረም፥ መስኮቱም አልተነካም። ከጎረቤት ክፍል የመጣ አንድ ብልህ ነኝ ባይ ግራ ቀኙን አየና «ሌባው ከሰባታችሁ አይወጣም» ብሎ ሄደ። በሎጂክ ደረጃ ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። ግን እንዲህ ተብሎ ከተወጣ በኋላ ሰባት ሰው እንዴት ያድራል? እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ ድረስ ማንም ሎከሩን ሰው ፊት አይከፍትም፥ ማንም ከገላ መታጠቢያ ሲመለስ ኪሱን ሳይዳብስ አይቀመጥም። ገንዘቡም አልተገኘ፥ ሌባውም አልታወቀ። ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ግን ከጠፋው ብር ይልቅ ውድ ሆነች።

ድሮ ይህን ነገር በሥርዓት ያደርጉት ነበር። ወንጀል ተፈጽሞ ፈጻሚው ሲሰወር የአካባቢው ሰው ሁሉ በአንድ ሜዳ ይሰበሰባል፤ አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ ይባላል። ሁሉም እዚያው ይቀመጣል፥ ይማማላል፥ ይጠያየቃል፤ ነገሩ ሳይወጣ ወደ ቤት መሄድ የለም። አስጨናቂ ነበር፤ ሥራ የሚያስፈታ፥ ንጹሑን ከበደለኛው ጋር በፀሐይ የሚያስቀምጥ። ግን አንድ የማደንቀው ነገር አለው፤ «ከመካከላችሁ ነው» ያለው ወገን ተናግሮ አይሄድም፥ አብሮ ይቀመጣል።

ሉካን ከዶርማችን ጎረቤት የሚለየውም ይህ ይመስለኛል። ሁለቱም አጥፊውን ሳይጠሩ ጥፋቱን አወጁ። ጎረቤታችን ግን የተመለከተውን ለራሱ ይዞ ሄደ፤ ሉካ መንገዱን እርምጃ በእርምጃ ትቶልናል። 65ቱን እርምጃ ሄዶ «ተሳስቷል» ለማለት የፈለገ ሁሉ ሊሄድ ይችላል። ሌላም ልዩነት አለ፥ ይህን ሳልል ባልፍ ነገሩን ማቅለል ይሆንብኛል። ቁጥር ሲጠረጠር አያፍርም። 147573952589676412927 ከ1876 ጀምሮ ለ27 ዓመት «ስንጥቅ አለበት፥ የት እንደሆነ ግን አይታወቅም» ተብሎ ሲኖር አንዲት ሌሊት እንቅልፍ አልነሳውም። ሰው ግን እንዲህ ሆኖ አንድ ሳምንት መኖር ይከብደዋል። ስለዚህ ለቁጥር የተፈቀደው ለሰው ሁሉ የተፈቀደ አይደለም፤ መንገዱ የተጣራ ቢሆን እንኳ።

በነዚያ 27 ዓመታት ውስጥ አካፋዮቹ የት ነበሩ? የፍልስፍና ተማሪ ወዳጄን ብጠይቀው «ድሮም ነበሩ፥ ሰው ስላላያቸው አልጠፉም» አለኝ፤ አፍላጦንም ቢጠየቅ ከዚህ የራቀ አይልም። ሆላንዳዊው የሒሳብ ሊቅ ብራውወር (1881–1966) ግን የሒሳብ እውነት የሚባለው ሰው በአእምሮው ሠርቶ ያቆመው ብቻ ነው የሚል ነበር። በዚህ አነጋገር ያልተገኘ አካፋይ የለም ማለት ይመስላል። በእኛ ቁጥር ላይ ግን እርሱም እንዲህ አይጨክንም፤ አካፋይ የመፈለጉ ሥራ ምንም ረጅም ቢሆን መጨረሻ ያለው ስለሆነ መልሱ በእጃችን እንዳለ ይቆጥረዋል። ለእኔ ይህ «መጨረሻ አለው» የሚለው ነገር ነው ያልተዋጠልኝ። መጨረሻው ስንት ነው?

እስቲ እናስላው። የእንዲህ ዓይነቱ ቁጥር አካፋይ ዝም ብሎ የመጣ ቁጥር ሊሆን አይችልም፤ አንድ ሲቀነስለት ለ134፥ ማለትም ለ67 እጥፍ፥ እኩል የሚካፈል መሆን አለበት። ይህ ሕግ ሥራውን እጅግ ያቃልላል። እንዲያም ሆኖ 135፥ 269፥ 403 እያለ በተራ የሚሞክር ሰው ትክክለኛውን የሚያገኘው በ1445580ኛው ሙከራ ነው። አንዱን ማካፈል በዐሥር ደቂቃ ቢጨርስና በቀን ዐሥር ሰዓት ያለ በዓል ቢሠራ 66 ዓመት ይፈጅበታል። ሌላ ሕግ ጨምሮ ከተፈታኞቹ ግማሹን ያለ ሙከራ ቢጥል 33 ዓመት። መጨረሻ አለው፤ ግን የአንድ ሰው ዕድሜ ነው።

ሦስተኛው ሰው ፍራንክ ኔልሰን ኮል ነው፤ በኒውዮርክ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ መምህር፥ የአሜሪካ የሒሳብ ማኅበርም ጸሐፊ ነበር። በጥቅምት 31 ቀን 1903 በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ስለ ትላልቅ ቁጥሮች አካፋዮች ጽሑፍ እንዲያቀርብ ተጠራ። እንደሚተረከው ከሆነ ተነሥቶ ወደ ሰሌዳው ሄደ፤ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ሁለትን 67 ጊዜ አባዝቶ አንድ ቀነሰ። ከዚያ በሰሌዳው ባዶ ቦታ ላይ ሁለት ቁጥሮች ጻፈ፤ 193707721 እና 761838257287። በረጅሙ አባዛቸው። ሁለቱ ውጤቶች አኃዝ በአኃዝ ተገናኙ። ኮል ጠመኔውን አስቀምጦ፥ አሁንም ቃል ሳይናገር፥ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ።

እዚህ ላይ ግን አንድ የሚያስቅ ነገር አለ። ይህን ትዕይንት ያወረሰን ኤሪክ ቴምፕል ቤል የተባለ ጸሐፊ ነው፤ የጻፈውም በ1951፥ ነገሩ ከሆነ ወደ 48 ዓመት በኋላ። ኮልን በ1911 ጠይቄው ሥራው የሦስት ዓመት እሁዶችን እንደ ፈጀበት ነገረኝ ያለውም እርሱ ነው። ቤል ደግሞ የሊቃውንትን ታሪክ ቅመም ሳይጨምር የማያቀርብ ሰው ስለ መሆኑ ብዙ ተብሏል። ስለ ማጣራት የሚነገረው ከሁሉ የሚያምር ታሪክ ራሱ በአንድ ሰው ቃል ላይ ቆሟል ማለት ነው! ታሪኩን እወደዋለሁ፤ ልክ እንደ ሜርሴን ዝርዝር ያምራል። ግን አያስፈልገኝም። ኮል ተናግሮም ይሁን ዝም ብሎ፥ ተጨብጭቦለትም ይሁን ሳይጨበጨብለት፥ ሁለቱ ቁጥሮች በማኅበሩ መጽሔት ታትመው ወጥተዋል። ያውላችሁ።

እኔ አንድ ማታ በቤተ መጻሕፍት ወረቀት አስፍቼ አባዛኋቸው። ትንሹ ቁጥር ዘጠኝ አኃዝ አለው፥ አንዱ ዜሮ ነው፤ ስለዚህ ስምንት መደዳ ነው የሚጻፈው። ከግማሽ ሰዓት ያነሰ ፈጀብኝ። በቅድሚያ ግን በልጅነት የተማርናትን የዘጠኝ ዘዴ ሞከርኩ፤ የመጀመሪያው ቁጥር አኃዞች ተደምረው 37፥ 3 እና 7 ዐሥር፥ 1 እና 0 አንድ። የሁለተኛው 64፥ ዐሥር፥ አንድ። የትልቁ 109፥ ዐሥር፥ አንድ። አንድ በአንድ አንድ፤ ተገናኙ። ይህ ግን መጠራጠሪያ እንጂ ማረጋገጫ አይደለም፤ ሁለት አኃዝ ቦታ ቢለዋወጡ የዘጠኝ ዘዴ አያውቅባቸውም። ማባዛቱ ግን ያውቅባቸዋል።

ይህን የምለው ለምን መሰላችሁ? ይህ ጽሑፍ እናንተ ዘንድ የሚደርሰው በስቴንስል ተመትቶ ነው። ሌሊቱን ሙሉ የሚመታው ጓደኛችን ከ21ዱ አኃዝ አንዱን ቢያሳስት ማን ያውቃል? የሜርሴን ዝርዝር ላይ 61 በ67 ቢተካ ዝርዝሩ ራሱን የሚከላከልበት ኃይል የለውም፤ ይኸው እስከ ዛሬ የጽሕፈት ስህተት ነው አይደለም እያልን እንከራከራለን። የኮል ሁለት ቁጥሮች ግን ስህተቱን ራሳቸው ያጋልጣሉ፥ የጎደለውንም ቆጥረው ያስመልሳሉ። ምስክሩን አብሮ ይዞ የሚሄድ ቃል ጸሐፊው ቢያንቀላፋም፥ አሳታሚው ቢቸኩልም ይተርፋል። ምስክሩን በባለቤቱ ስም ውስጥ ያስቀመጠ ቃል ግን ስሙ ሲታማ አብሮ ይታማል።

ኮል ሦስት ዓመት (ቤልን ካመንነው) የለፋበት ለእኔ ግማሽ ሰዓት ሆነልኝ። ሒሳቡን ከማፈላለግ ይልቅ ማመሳከር ይህን ያህል ይቀላል። ይህ ልዩነት የተፈጥሮ ስጦታ ብቻ ሆኖ አይታየኝም፤ ሁለት ዕዳ ያመጣል። ያገኘው ሰው ግኝቱን ደካማው አንባቢ እንኳ ሊያመሳክረው በሚችልበት መልክ የማስቀመጥ ዕዳ አለበት፤ ኮል ከፍሏል። አንባቢው ደግሞ ያቺን ግማሽ ሰዓት አለበት። ስንቶቻችን እንከፍላለን? የሚገርመኝ 232 ዓመት ሙሉ ዝርዝሩን የገለበጡት አይደሉም፤ እነርሱ ቢፈልጉም መሣሪያው አልነበራቸውም። የሚገርሙኝ ዛሬ መሣሪያው በእጃቸው እያለ «እገሌ ብሏል» የሚሉት ናቸው። እውነት ነው፥ ሁሉን ነገር ሁሉም ሰው ሊያመሳክር አይችልም፤ ሐኪም ያዘዘውን ክኒን ሁሉ ላቦራቶሪ ይዞ የሚሄድ የለም። እኔ የምለው ግማሽ ሰዓት ስለሚፈጀው ነው። ስለ ጓደኛችን የተወራውን እርሱኑ ጠርቶ መጠየቅ ግማሽ ሰዓትም አይፈጅም።

ቁጥሩ ስሙን ካወቅን ወዲህ ሌላም ነገሩ ተገልጦልናል። አካፋዮቹ ሁለቱም ራሳቸው ብቸኞች ስለሆኑ ከዚያ ወዲያ አይሰነጠቅም፤ የሁለት ብቸኞች ጋብቻ ነው። ከራሱ በታች የሚያካፍሉት 1፥ 193707721 እና 761838257287 ብቻ ናቸው፤ ተደምረው 762031965009 ይሆናሉ፥ ከራሱ ጋር ሲነጻጸር ከመቶ ሚሊዮን ሁለት እጅ እንኳ የማይሞላ። ከመጀመሪያውም ጎዶሎ ነበር፥ ጥንድ አይደለምና፤ አሁን ደግሞ በፍጹማን ሚዛን ሲመዘን ዳግመኛ ጎደለ። ፍጹም ይወልዳል የተባለው!

ዛሬ ማንኛውም ኮምፒዩተር ዐይን ሳይጨፈን ይፈታዋል። ነገር ግን የችግሩ ዓይነት አልጠፋም፥ ሩቅ ቦታ ሄዶ ተቀመጠ እንጂ። በ1977 የተፈለሰፈ አንድ የምስጢር አጻጻፍ ዘዴ የቆመው ማባዛት ቀላል፥ አካፋይ መፈለግ ግን ከባድ በመሆኑ ላይ ነው፤ ምስክር የሚሆነው ያው ልዩነት መቆለፊያም ይሆናል። በ2024 ደግሞ ሉክ ዱራንት የተባለ አሜሪካዊ ሁለትን 136279841 ጊዜ አባዝቶ አንድ በመቀነስ የሚገኘው ቁጥር ብቸኛ መሆኑን አገኘ። 41024320 አኃዝ አለው። ይህን ማንም ሰው በወረቀት ሊያመሳክረው አይችልም። ወደ ሜርሴን ዘመን ተመለስን ይሆን? አይመስለኝም። ውጤቱ ይፋ የሆነው በተለያዩ ሰዎች ፕሮግራምና በተለያዩ መሣሪያዎች ተደጋግሞ ከተፈተነ በኋላ ነው፤ የፍተሻውም መንገድ ያው የሉካ መንገድ ነው፥ ከ4 ተነሥቶ በራሱ እያባዙ 2 መቀነስ። ማንም ሊሄድበት ይችላል፥ ትንሽ ኤሌክትሪክ ካለው። ሆኖም ትንሽ ቅር ይለኛል፤ ጠመኔውን አስቀምጦ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ሰው እዚህ ውስጥ የለም።

የሉካ ዓይነት ነገር ደግሞ አሁንም በመካከላችን አለ። ሁለትን 1277 ጊዜ አባዝቶ አንድ በመቀነስ የሚገኘው ቁጥር 385 አኃዝ አለው። ብቸኛ እንዳልሆነ ከታወቀ ቆይቷል። ይህን እስከምጽፍበት ቀን ድረስ ግን አንድም አካፋዩ አልታየም፤ ኮምፒዩተሮች እየፈለጉለት ነው። ማን እንደሆነ ባይታወቅም አንድ ሲቀነስለት ለ2554 እኩል ይካፈላል።